ቢራቢሮ ቋጠሮ

አዳማ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብላ ያለች
ወርቅ ቤቴ ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ ትሞላለች።
ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ ነፋሱ አቧራ ሲያዘንብ፣
አንዲት ሴት መሀረብ ፈታች ከሚዛኔ አጠገብ።
«ልሸጠው አይደለም፤ እንድትመዝነውም አልመጣሁ፤
የእናቴ ኒሻን ነው። ደረጃውን የሚነግረኝ አጣሁ።»

እኔ የማውቀው ካራት ነው፤ አሥራ ስምንት፣ ሃያ አንድ፣
አሲድ ጠብ አድርጎ ማየት፣ ድንጋይ ላይ ፈትጎ መፍረድ።
ወርቅ አይዋሽም፤ ሻጩ ቢዋሽ እንኳ ቀለሙ ያሳብቃል።
ክብር ግን በምን አሲድ፣ በየትኛው ድንጋይ ይታወቃል?

አጉሊ መነጽሬን ዓይኔ ላይ ሰክቼ አየሁት፦
መስቀል ነው፤ ነጭና ሰማያዊ ኢናሜል የቀቡት፤
አንዱ ክንፉ ተሸርፏል። ከላዩ ትንሽ ዘውድ አለ፤
ከዘውዱ በላይ ብርቱካናማ ሪባን፣ እንደ ቢራቢሮ የታጠፈ፣
የልጃገረድ ፀጉር ማሰሪያ እንጂ ኒሻን ያልመሰለ።

«እናቴ» አለች፣ «ሲስተር አልጋነሽ፣ ወንጂ አዋላጅ ነበረች።
የአገዳ ቆራጭ ሚስት ስታምጥ፣ ሌሊት በትራክተር እየሄደች
ስንቱን ልጅ ተቀበለች! ሆላንዶቹ ጓዛቸውን ሲጠቀልሉ
ይህን በሳጥን ሰጧት። ወረቀቱን አይጥ ጨረሰው።
ወንድሜ አሁን፣ በውርስ ክፍፍል ላይ፣ ‹ማበረታቻ ነው› ይላል፤
‹ዋናው አንገት ላይ የሚታሰረው ነው፤ የአቶ ገመዳን አይተሻል፣
ደረቱ ድረስ የሚወርደውን። የእማዬ የሴት ጌጥ ነው፤
ለፎቶ ያህል አንድ ቀን ያደረገችው።›»

ዝም አልኩ። ዝምታዬን ያቋረጠው የጎረቤቴ ሳል ነው፤
ኑረዲን ልብስ ሰፊው፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንደጣለው፣
በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። ለስንት ጄኔራል ኮርዶን ሰፍቷል
በዚያ ዘመን፤ ዛሬ የተማሪ ዩኒፎርም ያጠባል፣ ያሳጥራል።

«ተሳስቷል ወንድምሽ» አለ። «የእነሱ አገር ሥርዓት ይኸው ነው፤
ወንዱ በአንገቱ ያስረዋል፤ ሴቷ በግራ ትከሻዋ፣ በቢራቢሮ ነው።
መስቀሉ ያው መስቀል። ማዕረጉም ያው። ቋጠሮው
ሴት መሆኗን እንጂ ማነሷን አይናገርም።»

ከዚያ እኔም አፌ ተፈታ። ከዘውዱ ሥር፣ ጥጥ በማይደርስበት ስንጥቅ፣
ከጥቁሩ እድፍ በታች ቢጫ አየሁ፤ ልባጥ ነው፣ ብር በወርቅ።
«ብሩ ታችኛው ነው» አለ ኑረዲን፤ «ወርቁ በአንድ ደረጃ ይበልጣል፤
ግን ወርቁ ሪባኑ ላይ ክብ የጨርቅ ጽጌ ይጨምራል።
የታለ ጽጌው?»
          ሪባኑን ገለበጥኩት።
በቋጠሮው መሀል፣ ክብ ሠርተው የቆሙ የመርፌ ቀዳዳዎች፤
አሥራ አንድ ቆጠርኩ። በጥርስ የተበጠሰ አንድ ክር ቀርቷል።

ሴትየዋ ወንበር ፈለገች። ወንበር የለኝም፤ ካዝናው ላይ ተቀመጠች።
«ሁለተኛ ክፍል» አለች ቀስ ብላ፣ «የሹራቤ ቁልፍ ወደቀ።
ያኔ ገበያ ላይ ቁልፍ እንኳ አይገኝም። እማዬ
አንድ ብርቱካናማ ክብ ነገር ሰፍታ ላከችኝ።
ልጆቹ ‹ብርቱካን ሻጭ› ብለው ሲስቁብኝ፣
ነቅዬ ቦይ ውስጥ ወረወርኩት። ውሃው ወደ አገዳው ይዞት ሄደ።
አልመታችኝም። ‹ቁልፍ ነው› አለች፤ ሌላ ፈለገች።»

ደረሰኝ አወጣሁ። ለማንም እንደምጽፈው ጻፍኩላት፦
ዓይነት፦ ኒሻን፣ የመኮንን ደረጃ። ባለቤት፦ አልጋነሽ በዳዳ።
ክብደት፦ አልተመዘነም። ጉድለት፦ አንድ ጽጌ።
ማኅተሜን መታሁበት፤ ለወንድሟ እንዲበቃ፣ ሁለቴ።

ወረቀቱን አጥፋ መሀረቡ ውስጥ ከተተችና ወጣች፤
የወንጂ ሚኒባስ ረዳት «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል።

ኑረዲን ወደ ሱቁ ተመለሰ። ማንም ሳያዘው
መሳቢያ ከፍቶ መሳቢያ ሲዘጋ፣
ብርቱካናማ ክር ሲፈልግ አመሸ።