የሦስት ቀን ማር

ቀፎውን ከጎኔ፣ ከፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኩት፤
ሃያ ስድስት ዓመት እሱ በተቀመጠበት፤
ቀበቶውን ስቤ፣ እንደ ሰው፣ አሰርኩት።
"ፍሬን!"፣ "ቀስ በይ እንጂ!"፣ "ቀይ ነው!" የሚል የለም፤
ሳጥኑ ያጉረመርማል፣ ግን አያርመኝም፤
ፌርማታ ላይ እንደሚጠብቅ ሞተር፣ አይጮህ፣ ዝም አይልም።

መጋቢት ላይ ዳኛዋ ማኅተሙን ስታሳርፍ፣
ሶፋው ለእሱ ሆነ፤ ለእኔ መሰላሉ፣ ረጅሙ፣ ባለ እጥፍ።
ውሻችን ራሱ መረጠ፤ እሱን ተከተለ፤
እኔን ዞሮ አየኝ፣ ጅራቱን ቆላ፣ መኪናው ውስጥ ዘለለ።
ጣሪያው የሚያፈስ ቤት፣ የሟች አክስቴን፣ ከተራራው ሥር፣
ከክራን ወጥቼ ገባሁ፤ ጓሮውን የዋጠው ሣር።

ዬርኔይ ጎረቤቴ፣ ሰማንያ አንድ ዓመቱ፣
ንቦቹን የሸጠልኝ፤ እጁ የማይርድ፣ የሚርድ አንገቱ።
"ስድስት ቁጥር አውቶቡስ የምትነጂው አንቺ ነሽ?
ሰዓትሽን ፍቺና ግቢ፤ ቀፎ ዘንድ የለም 'አረፈድሽ'።
ሽቶ አትቀቢ። ትንፋሽሽን ወደ ጎን።
ደግሞ ስሚኝ፤ ከብት ይበክታል፤ ንብ ግን ትሞታለች፤
በእኛ አገር አነጋገር ከሰው ጋር አንድ ግሥ ትካፈላለች።"

ግድግዳው ላይ የቀፎ ሰሌዳ፣ ከአያቱ የቀረ፤
ሠዓሊው ሰይጣን ሳለ፤ ሰይጣኑም በተራው ሳለ፣
የአንዲት ሴት ምላስ፣ በሚሽከረከር ድንጋይ፣ ስለት እየጨመረ።
"የእኔን ረስቶታል" አልኩ፤ "ሃያ ስድስት ዓመት ዶልዱሞ ነበረ።"

በሦስተኛው ቀን የመረቡን ዚፕ ረሳሁ፤
አንዷ ገባች፤ የዓይኔን ቆብ አገኘችው፤ ጮህኩ፣ ሸሸሁ።
በማግሥቱ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ከአሥር፣ መሪ ጨብጬ፣
አንዱ ዓይኔ እንደ ቲማቲም አብጦ፣ በሌላው አፍጥጬ፣
አንዲት ሴት፣ ነርስ ሳትሆን አትቀርም፣ ጎንበስ አለችና
"ማነው የመታሽ?" አለችኝ። "ንብ ናት።"
                    "እሺ፣ ንብ ናት" አለችና
ስልክ ቁጥር ጽፋ ትታልኝ ወረደች።
መጨረሻው ፌርማታ ላይ አለቀስኩ፤ ሳቄ ቀድሞ መጣና።

ሰኔ ላይ ሊፓው ሲያብብ፣ ቀፎዬ አፉ ድረስ ሞልቶ፣
ግማሹ መንጋ ተነሣ፤ የልብስ ማድረቂያውን ሽቦ አልፎ፣ ሰማዩን አጥቁሮ ወጥቶ፣
ፕለም ዛፍ ላይ ሰፈረ፤ እንደ ሽማግሌ ጢም ተንጠልጥሎ፣ ረግቶ።
"እነሱም ሄዱ" አልኩ፣ በካልሲዬ ቆሜ፣
"ምን አጎደልኩ? ስኳር በጠበጥኩ፤ ሣር ነቀልኩ፣ ወገቤን ታምሜ!"

"መሰላል የለሽም?" አለ ዬርኔይ።
                    ነበረኝ። ረጅሙ።
"የሚሄዱት አሮጊቷን አውራ ይዘው ነው፤ ቤቱን፣ ሰሙን ለልጅ ትተው፤
ሆዳቸው የቻለውን ማር፣ የሦስት ቀን ስንቅ፣ ጠጥተው።
ውጪ፣ አትፍሪ፣ እጅሽን ስደጂ፤
የጠገበ መንጋ አይናደፍም፤ ቤት ነው የሚፈልግ እንጂ።"

አሥራ አንደኛው ደረጃ ላይ ክንዴን እስከ ክርን አስገባሁ።
ሙቀት ነበረ። የሰው ብብት ሙቀት፤ ከመቼ ወዲህ እንዳልነካሁ
መቁጠር ጀመርኩ። ተውኩት። ቅርንጫፉን መታሁ።
እንደ እርጥብ ፎጣ ሳጥኑ ውስጥ ወደቁ፤
ከክራን ስወጣ ሻንጣዬ የያዘው ያኔ ትዝ አለኝ፦
ግማሽ ዳቦ፣ ሁለት ሹራብ፣ የእናቴ መነጽር።
ለስንት ቀን ኖሯል የበቃኝ?

በዚያ ዓመት ሦስት ጠርሙስ ብቻ ቆረጥኩ።
አንዱ ከመሪው ጎን ሰነበተ፣ ያቺ ሴት እስክትሳፈር፤
"ንብ ናት" አልኳት፣ ስሰጣት፤ አየችኝ፣ ትንሽ ቆይታ፣ በብርሃን ገልብጣ፣ ማሩን እንደ መመርመር።

ዬርኔይ ኅዳር ላይ ሞተ። በዚያው ግሥ።

አሁን ጥር ነው፤ በረዶው የቀፎዎቹን ደፍ ሸፈነ።
ሁለት ናቸው፤ የቀረውና የሄደው።
በጣቴ ጀርባ አንኳኳሁ፤ አንዱ ወዲያው መለሰልኝ።
ሌላው ዝም አለ።
ሰዓቴን ፈታሁ።
ጆሮዬን ከእንጨቱ ለጠፍኩ፤ ጠበቅሁ።