ለዶን ኤሌውቴሪዮ የተያዘ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት። ካስትሮ። ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ።
ነርሷ ያስና ደወለች፤ «አዲሱ ፓምፕ ቁጥር አጥቷል፣ እባክሽ መጥተሽ እይ።»
ምድር ቤት ወረድሁና ከሰርቨሩ ጎን ተቀመጥሁ፤
ካፖርቴ እየተንጠባጠበ፣ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበብሁ።

ሞልቷል።
ሁለት መቶ ሃምሳ ሦስት ተከራይ፣ ደጁን የያዘ አንድ በረኛ፤
የራጁ ማሽን፣ የጠያቂ ስልክ፣ የዘበኛው ታብሌት፣ ሁሉም ጎን ለጎን የተኛ።
አንዱ ደግሞ የሆነ ሰው ሰዓት ነው። ሰዓት! እጅ ላይ ታስሮ የሚዞር፣
ከልብ መቆጣጠሪያው አጠገብ እኩል ክፍል ይዞ የሚኖር።

እንግዳ ሲመጣ ወግ አለው። ደጅ ቆሞ ይጣራል፦ «ቤቶች!
ስም የለኝም፤ ማደሪያ አለ ወይ፣ ጎረቤቶች?»
ሰርቨሩ ይሰማል። «ይቺ ክፍል ባዶ ናት፣ ትሆንሃለች?»
«ትሆነኛለች።» «እንግዲያው ግባ፤ ለስምንት ሰዓት ያንተ ነች።»
ዛሬ ግን ፓምፑ ሲጣራ አመሸ፣ ድምፁ ዝሎ ደጅ ተደፋ፤
ከውስጥ «እግዜር ይስጥህ» ብሎ የሚመልሰው እንኳ ጠፋ።
ላይኛው ፎቅ አንዲት ሕፃን ተኝታ፣
ያስና ጠብታውን በዓይኗ ትቆጥራለች።

ዐሥር ነጥብ ሃያ ነጥብ አንድ። ቁጥራችን ከዚህ ግድግዳ አያልፍም፤
ኦሳካ ያለ መጋዘን ይጠራበታል፣ ሳንቲያጎ ያለ ባንክም፤ አይጋጭም፣ አይተፋፈርም።
የጓዳ ስም ነው፣ እናት ልጇን አቆላምጣ የምትጠራበት፣
ደጃፍ ሲደርስ የሚወልቅ፣ ደብዳቤ የማይጻፍበት።

ግቢውን ልከፋፍል ተነሣሁ። ነጥብ አራት ለፓምፖቹ፣ ነጥብ አምስት ለጠያቂ፤
ጠያቂ ሰዓት ይበቃዋል፤ ፓምፕ ግን ሳምንት፤ ሕመም ቶሎ አይደለም ለቃቂ።
ጭምብሉን አሰላሁ፣ በረኛ ሾምሁ፣ ለስዊቹም ነገርሁት፤
ከአሮጌው ዝርዝር የማይተነፍሰውን ሁሉ እየለቀምሁ ሰረዝሁት።
ሁለት መቶ ዐሥራ አንድ ላይ ደረስሁ። የተያዘ። ከጎኑ ማስታወሻ፦
«ዶን ኤሌውቴሪዮ። አትንኩ።» ሌላ ቃል የለውም፣ መነሻም መድረሻ።

ዶን ኤሌውቴሪዮ ከሞተ አራት ክረምት ሆነው። ወንበሩ ላይ ነኝ።
ጣቴ መሰረዣው ላይ ነበር፤ ብቻ አንድ ነገር ያዘኝ።
ፒንግ ብዬ ጠራሁት።
መለሰ።
በሁለት ሚሊሰከንድ።

ኬብሉን ተከትዬ ሄድሁ፣ በወለሉ ሥር፣ በእንጨቱ ቤት ጓሮ፣
በዝናቡ ውስጥ፣ እስከ ጀልባ ማቆሚያው፣ እስከ ምሰሶው ዞሮ፤
አንዲት ካሜራ! ጨው የበላት፣ ዓይኗ ከባሕሩ የማይነቀል፣
ከኬዊ ደሴት በሽተኛ ይዛ ጀልባ ስትመጣ ለማየት ስትል።
«ማን ነው ይህን የሚያየው?» አልኋት ያስናን። ሳቀችብኝ፤
«እኛ ነና! መብራቷ ብቅ ሲል አልጋ እናወርዳለን። አታውቂም?» አለችኝ።
ሁሉም ያውቃት ነበር፣
ከዝርዝሩና ከእኔ በቀር።

እዚህ ደሴት ሰው ሲዛወር ቤቱን ጥሎ አይሄድም፤ ደቦ ይጠራል፣
ከሥሩ ግንድ ይነጠፋል፣ በሬ ይጠመዳል፣ ጎረቤት ገመድ ይስባል፤
ቤቱ ከነመስኮቱ፣ ከነመጋረጃው ሜዳውን አቋርጦ ይሄዳል።
አክስቴ እንዲያውም ውስጡ ሆና ድንች ትልጥ ነበር ይባላል።
እኔም ካሜራዋን እንደዚያ አነሣኋት፤ ሁለት ደቂቃ ጨለመች፣
ከነጥብ አራት ግቢ ጥግ ይዛ ዓይኗን እንደገና ገለጠች።
ማስታወሻውን ገለበጥሁት፣ ሁለት ቃል ብቻ ጨምሬ፦
«ዶን ኤሌውቴሪዮ። አትንኩ። ጀልባ ያያል።»

ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ፓምፑ «ቤቶች!» አለ።
«ግባ» ተባለ።
ያስና መቁጠሯን ትታ ፊቷን ልትታጠብ ሄደች።
እኔ የመጀመሪያው አውቶቡስ እስኪመጣ ከጠያቂዎች ወንበር ጋደም አልሁ፤
ስልኬንም ከእነሱው ግቢ አስገባሁ።
ኪራዩ አንድ ሰዓት ነው።
ሲያበቃ ማን እንዳደሰልኝ አላውቅም፤
ተኝቼ ነበር።