ባዶ የተጻፈበት መስመር

የዝውውሩ መስኮት ተዘጋ ሌሊቱን፣
እኔም ተነሣሁና ዘጋሁ የቢሮዬን፤
የወንዙ ትንኝ እንደሁ መብራት ካየ አይምርም፣
ፊርማው አልቋል አላለቀም ብሎ አይከራከርም።

ጠዋት ጋዜጣው መጣ። ከስፖርት ገጹ ግርጌ
አንድ ወጣት ጸሐፊ (አባቱ ጫማ ሰፊው ወዳጄ)
ለክለባችን ገበያ ማርክ ሰጥቶ አገኘሁ፦
«ከአሥር ስምንት። በርካሽ ገዙ፣ በውድ ሸጡ።»
ስምንት! ለቃል ጥናት እንደሚሰጥ ነጥብ፤
ሁለቷን በየትኛው ጥፋት እንደነጠቀን
አንዲት መስመር የለም።

እኔ አደማር ቴቼራ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት
የዚህን ቤት ገቢና ወጪ ስጽፍ የኖርኩት፣
የማቴ ቅጠሌን በፍል ውሃ አርሼ
ደብተሩን ገለጥኩት ወደ ኋላ መልሼ።

በአረንጓዴ ቀለም፦ ዋልዲር። ዐሥራ ሰባት ዓመቱ።
አራት ሚሊዮን ዶላር። ፖርቹጋሎች መጡ፣
አንድ ምሳ በሉና ልጁን ይዘው ወጡ።
በዚያ ብር የትሪቡኑ ቆርቆሮ ተለወጠ፣
የመብራቱ እዳ ተዘጋ፣ የዘገየው ደሞዝ ተሰጠ።
ስኬት ነው ካላችሁኝ ስኬት ነው፣ አልክድም፤
ጣራ ሥር ተቀምጬ ጣራውን አላማም።
ግን ዋልዲር ከሄደ እነሆ ሦስት ክረምት
ሳንረጥብ ተቀምጠን ስናይ ኖርን ሽንፈት።

በቀይ ቀለም ደግሞ፣ ብዙ ገጽ ወደ ኋላ፦
ኤሊሂዮ። አጥቂ። ከፓራጓይ። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ።
አራት መቶ ሺህ፣ ያውም ክለቡ ተበድሮ።
ሐኪሙ ቀስ ብሎ «ጉልበቱ ያሰጋኛል» አለ፤
ፕሬዚዳንታችን የሰማው ሌላውን ጉልበት ነው፣
«ጉልበቱማ የበሬ ነው!» ብሎ ፈረመለት።
በሦስት ዓመት ሁለት ጎል፣ አንዷም በገዛ መረባችን።
ጋዜጣው ያኔም ነበር፣ ማርክም ሰጥቶት ነበር፤
እኔም ከስሙ ሥር አሰመርኩ፣ ብዕሬ ወረቀቱን እስኪቀድ ድረስ።

ሰውየው ግን አልሄደም። ውሉ ሲያልቅበት
ከድልድዩ ማዶ ከፈተ ሥጋ ቤት፣
ማክሰኞ ማክሰኞም አንድ እግሩን እየሳበ
ለሕፃናት ያሳያል ኳስ በደረት ማብረድ።
ዋልዲርን ማን አየው በፊት? እሱ ነው፣ ከደጁ።
የሰባት ዓመት ልጅ፣ የዘይት ጣሳ ሲያንከባልል፤
«ይህን እንዳትለቁት» አለን፣ ቢላው በእጁ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። አራቱ ሚሊዮን
የዚያ የአራት መቶ ሺህ ኪሳራ ልጅ ከሆነ፣
አረንጓዴው ከቀዩ ማሕፀን ከወጣ፣
የትኛውን በየትኛው ዓምድ ላስፍረው?

ሌላም ስም አለ። ኔሪዮ ቤንታንኮር፣ ግብ ጠባቂ።
የመጣው በአውቶቡስ ነው፣ ቲኬቱንም ራሱ ቆርጦ።
በዋጋው ዓምድ ላይ «ባዶ» ብዬ ጻፍኩ።
ሲሄድም «ባዶ»፤ አልተሸጠም፣ አረጀ እንጂ።
በመሐሉ ዐሥራ አንድ ዓመት። በመሐሉ ያ የኅዳር እሑድ፣
አንድ ፍጹም ቅጣት ምት ቀርቶን ወደ ታች ሊግ ለመውረድ፣
ኳሷን በግራ እጁ፣ ሁለት ጣቱ ተሰብሮ፣ መለሳት።
ያን ቀን ወርደን ቢሆን ዋልዲርን ማን መጥቶ ያይ ነበር?
ባዶ ሲደመር ባዶ፣ ባዶ ነው ይላል ሒሳብ፤
እኔም ሒሳብ ሠራተኛ ነኝና እንዲሁ ደመርኩት።

ደብተሩን ልዘጋ ስል ስልኩ ጮኸ። ሴት ናት።
ትናንት ማታ የሸጥነው የግራ ተከላካይ እናት።
አንድ ሚሊዮን ተኩል ልላት አፌን አሰናዳሁ፣
እሷ ግን ዋጋውን አልጠየቀችም።
«ቤልጅግ፣ ጌታዬ፣ በጣም ይበርዳል እንዴ?»

አላውቅም አልኳት።
ከዚያ ጋዜጣውን ስቤ፣ ከስምንቱ ጎን፣ በኅዳጉ ላይ
በእርሳስ ጻፍኩ፦
ይበርዳል።