የማቅቫላ ትርጉም

በኩታይሲ ከተማ፣ ከሪዮኒ ወንዝ ዳር፣
ጣራው የሚያፈስ ሲኒማ ቤት ነበር።
መቶ አርባ ወንበር፤ ሰባቱ እግር የላቸው፣
ጡብ ነው የያዛቸው።
ከኋላ፣ ከማሽኑ ክፍል አጠገብ፣
እፍኝ በማትሞላ መብራት ወረቀት የምታነብ፣
ማቅቫላ ነበረች።

አንድ ድምፅ ነበራት፣ ለሁሉም የሚበቃ፤
ለቡዳፔስት ዳኛ፣ ለቦምቤይ ጠበቃ፣
መርዝ ለጠጣች ንግሥት፣ ለሰከረ ወታደር፤
ሳትጮኽ፣ ሳታለቅስ፣ እንደ ገበያ ዝርዝር
ታነበው ነበር።
በዚያ ደረቅ ድምፅ እኛ እንቃጠላለን፤
እናቴ ስትቀልድ፣ «ምድጃው ሲጠፋ
ማቅቫላን እንሞቃለን።»

ማሽኑን የሚያሽከረክር አባቴ ነው።
ፊልሙን ከባቡር ጣቢያ በጋሪ ያመጣል፤
ቆርቆሮውን ከፍቶ አፍንጫውን ይነክራል፤
«ይሄ የባሕር አገር ነው፣ ጨው ጨው ይላል፤
ይሄ ከፖላንድ ነው፣ ዝናብ መቶታል።»
ውሸቱን ነው። የሁሉም ጠረን ኮምጣጤ ነው።
እኔ ግን ዛሬም ፖላንድ ሲባል ከሰማሁ
ትከሻዬ ይርሳል።

ጥቅል ሲቀየር፣ በዚያች የጨለማ እረፍት፣
ሸክላ ያስቀምጣል፤ አንዴ የኢስታንቡል ዑድ፣
የረሳውን ስም እንደሚፈልግ አዛውንት
ጀምሮ የሚተው፣ ተመልሶ የሚጀምር፤
አንዴ የፊንላንድ ቫዮሊን፣
በረዶ ላይ እንደተለቀቀ ውሻ የሚበር።
በማግስቱ ጫማ ሰፊው ቫርላም፣
ኮፍያውን እስከ ጆሮው ለብሶ፣
ሚስማር በከንፈሩ ነክሶ፣
ሶል የሚመታው በፊንላንድ ምት ነው።

ቀን ቀን ማቅቫላ የፋብሪካውን መጻሕፍት ታውሳለች።
አንዴ የኖርዌይ ልብ ወለድ ሰጠችኝ፣
መጨረሻው ምዕራፍ ተገንጥሎ የጠፋ፤
«እዚያ ስትደርስ ና፣ ቀሪውን እኔ አለሁ» አለችኝ።
ነገረችኝም፣ ቆማ፣ ማኅተም እየመታች፤
ዓሣ አጥማጁ በየትኛው ሌሊት እንደተመለሰ፣
ሚስቱ በሩን ሳትከፍት ምን እንዳለች።

የካቲት ላይ አንድ የጃፓን ፊልም መጣ።
ንግግሩ ያለበትን ወረቀት አይጥ በልቶታል፤
ሰው ተቀምጧል፤ ትኬት ተሽጧል።
ማቅቫላ መብራቷን አበራች፣
ባዶው ጠረጴዛ ላይ እጇን ዘረጋች።

ሽማግሌ ቀዛፊ፣ የምታገባ ልጁን ያሻግራል፣
በራሱ ጀልባ፣ በራሱ እጅ።
ውኃው እንደ ወተት ነጭ ነው።
ከወዲያኛው ዳር ሲደርሱ ቀና ብሎ
አንዲት ነገር ተናገረ፤ አጭር።
ማቅቫላ ዝም አለች። ማሽኑ ብቻ ይንተረተራል።
ከዚያ በዚያው ደረቅ ድምፅ፦
«ሂጂ። ወንዙን እኔ እጠብቀዋለሁ።»

ቫርላም አፍንጫውን በኮፍያው ጠረገ።
ከዓመታት በኋላ፣ ባቡር ስሳፈር፣ እናቴ
ሌላ ቃል አልፈለገችም፤
ይህንኑ አለችኝ።

አሁን ቪልኒየስ ነኝ፤ ትሮሊባስ እነዳለሁ።
ባለፈው ማክሰኞ፣ ወንበሩ በሚያሰምጥ አዳራሽ፣
ያንኑ ፊልም፣ ታጥቦ፣ ጠርቶ፣
ከግርጌው ፊደል ወጥቶለት አየሁ።
ጀልባው መጣ። ትንፋሼን ያዝኩ።
ሽማግሌው ቀና አለ፦
«በርዶሻል። ኮትሽን ቆልፊ።»

ሳቅሁ። አጠገቤ ያለችው ልጅ ዞረችብኝ።
ሠላሳ ዓመት ስንቅ ያደረግሁት ቃል
ከጃፓን አልመጣም፤ ከጫማ ፋብሪካ ነው።
ልናደድ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

ከነሪስ ድልድይ ላይ ለእናቴ ደወልኩ።
«ሽማግሌው እኮ ያንን አላለም» አልኳት።
ዝም አለች። ሪዮኒ በስልኩ ውስጥ ሲፈስ የሰማሁ መሰለኝ።
«ታዲያ ወንዙን ማን ጠበቀው?» አለች።
ቆየችና ደግሞ፣ «ድምፅህ ይንቀጠቀጣል፤
በርዶሃል እንዴ? ኮትህን ቆልፈሃል?»