የማይቆጠሩት

ከዘንዘልማ ስመለስ ባጃጁ ሐይቁ ዳር ጣለኝ፤
ሻላዎቹ የዓሣ አራጆቹን ትርፍራፊ ሲጠብቁ፣
ድንጋይ ላይ አረፍሁኝ።
ወረቀቱን ዘረጋሁት፣ የሬጅስትራሩ ሰው፣ አቶ ስንሻው፣
ኮሌጅ የተማርሁትን በቀይ እስክሪብቶ መስመር በመስመር የለየው።

«የአፈር ጥበቃ፦ ይቆጠራል።
የሰብል ልማት፦ ይቆጠራል።
መስኖ፦» መነጽሩን ከፍ አደረገ፣ «ግማሹ ይቆጠራል።
የችግኝ ጣቢያ ልምምድ፣ ሁለት መቶ ሰዓት፦
ይሄ የእጅ ሥራ ነው እህቴ፤ ክሬዲት የለበት።»

ሁለት መቶ ሰዓት።
የሽንኩርት መደብ ላይ ጎብጬ ስንት ቀን የመሸበት፣
ጭቃው ከጥፍሬ ሥር እስከ ዛሬ ያልለቀቀበት።
አልተከራከርሁም።
ጭቃ ማኅተም የለውም።

ከቦርሳዬ የማዳበሪያ ደረሰኝ አወጣሁ፤
ጀርባው ባዶ ነበር፣ በእርሳስ ሁለት ዓመት አሰመርሁ።
መጀመሪያ ኬሚስትሪ። እሱ ሳይቀድም
የአፈር ለምነት የሚሉት ደጁን አያስረግጥም።
ሂሳብ የማታ ነው፤ አሥር ሰው ካልሞላ አይከፈትም፤
እስካሁን ሰባት ነን፣ አንዷ ነፍሰ ጡር ናት፣ መጨረሷ አይታወቅም።
ስታትስቲክስ ክረምት ብቻ።
ክረምት ደግሞ እኛ ፎገራ ሩዝ የምናርምበት፣
የሰው እጅ በወርቅ የማይገኝበት ዘመቻ።

እዚያ ላይ እርሳሴ ቆመ።
ለአባቴ ደወልሁ። ሰማኝ፣ ሳለ፣ ዝም አለ፣ ደግሞ፦
«የማይቆጠር ያልሽኝ ስንት ነው?»
«ሁለት መቶ ሰዓት።»
«እኔ ጓያውን ሩዙ ሳይታጨድ ነው ሥሩ የምበትነው፤
ሩዝ ስትቆጥሪ አታይውም፤ ውኃው ሲሸሽ ነው የምታገኚው።»
ደስ ሊለኝ ሲል፣ «የነሐሴን አረም ግን ማን ያርማል?» ብሎ ጠየቀ፤
መልስም አልነበረኝ፣
የስልኬም ሂሳብ አለቀ።

በዓሣ ሻጯ ስልክ ታናሼን፣ ሙሉሰውን፣ ለመንሁት፤
«በአዲስ ጫማ» አለኝ።
ከኬሚስትሪ ሥር «ጫማ፣ ቁጥር አርባ አንድ» ብዬ ጻፍሁት።

ሊመሽ ሲል ደረሰኙን ገለበጥሁት፦
«ዩሪያ፣ ሁለት ኩንታል፣ በዱቤ፤
መክፈያው ጥር ሠላሳ።»
በዚህ ፊቱ የአባቴ ዕዳ፣ በዚያ ፊቱ የእኔ ዓመታት፤
አንዱን ሳላጥፍ ሌላውን ማጠፍ አልቻልሁም።
ከሐይቁ ነፋስ ተነሣ፤
አውራ ጣቴን «ክረምት» የሚለው ላይ ጫንሁት።