ለደራሲው ጎረቤቴ፣ ስለ ወደቀችው መርከብ

መጽሐፍህን ጨረስኩት፣ መርቪን፣ ትናንት ማታ፣
በአጉሊ መነጽር፣ ፊደል በፊደል፣ በዝግታ።
ዓይኔን ታውቀዋለህ፣ ሞራ ጋርዶታል፤
ታሪክህ ግን ግሩም ነው፣ እንቅልፍ ያስረሳል።

በረሃ ላይ ወደቀች አልክ፣ አንዲት መርከብ ከሰማይ፣
ብሎን የሌላት፣ ብየዳ የሌላት፣ የድስት ክዳን መሳይ።
ጄኔራሎች በሌሊት በሸራ ጠቅልለው ወሰዷት፣
ሊቃውንት ምድር ቤት አግብተው እንደ ሽንኩርት ላጧት፤
ከልጣጯ ሬዲዮ፣ ከልቧ ኮምፒውተር አወጡና
«የራሳችን ነው» አሉ፣ ዓለሙን አሞኙና።
«ያለዚያማ» ይላል ጀግናህ፣ ገጽ መቶ አርባ ስድስት፣
«ከኩራዝ እስከ ጨረቃ፣ በአንድ ሰው ዕድሜ? በምን ስሌት?»

ጥያቄውስ አይከፋም።
እናቴ ኒው ብራንስዊክ በኩራዝ ብርሃን ወልዳኛለች፤ አልክድም።

ግን እኔ በዚያ ዘመን ቻርልስ ወንዝ ዳር ፋብሪካ ነበርኩ፤
ሰባት ዓመት ከመንፈቅ የመዳብ ክር በቀለበት ሳሾልክ ኖርኩ።
ሽቦው ከጸጉር የቀጠነ፣ ቀለበቱ ከምስር አይበልጥም፤
በውስጡ ካለፈ «አዎን» ነው፣ በጎኑ ካለፈ «አይሆንም»።
ይኸው ነው የማሽኑ ልብ፤ አዎንና አይሆንም ተፈትሎ፣
ሰው ወደ ጨረቃ የሄደው በዚያ ክር ተንጠልጥሎ።

ከፊቴ ኮንቼታ ነበረች፣ ከሰዓት ፋብሪካ የመጣች፣
አፏና እጇ እኩል የሚሮጥ፣ የባሏን ጉድ እያወጣች።
ከኋላችን መሐንዲሶች፣ ገና ጢም ያላወጡ፣
ትናንት የሳሉትን ዛሬ እየሰረዙ የሚቆጡ።
አንዱ፣ ሌስተር የሚሉት፣ ጥፍሩን ሲበላ ያድር ነበር።
ከሰማይ የተቀበለ ሰው ጥፍሩን ይበላል? እስቲ ተናገር።

አንድ ሐሙስ፣ ልጄን ትኩሳት ይዟት፣ ልቤ ቤት ቀርቶ፣
አንዲት ክር ሳትኩ፤ በውስጥ የሚገባው በጎን ወጥቶ።
አንዲት ክር! ሚስ ፔቲግሩ በመመርመሪያው አገኘቻት፤
አልተቆጣችም። «ፍቺው» ብቻ አለች፣ እንደ ደከማት።
ሦስት ሌሊት ፈታሁ። የሠራሁትን ወደ ኋላ ሠራሁ፤
ኮንቼታ ሳትጠራ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች፤ ያኔ አለቀስሁ።

እና አንተ ከሰማይ ትለኛለህ።

ለፎቶው ክራቫት ያሰሩት ቆሙ፤ እኛ ከበር ውጭ ቀረን፤
አሁን ደግሞ የተረፈንን ለአረንጓዴዎቹ ሰጠህብን።
ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ የእኛስ ጨረቃን አሰረ፤
የሸማኔዎቹ ስም ግን ሳይጻፍ ቀረ።

ደግሞ ልናዘዝልህ፤
አንድ ምሽት በማጉያው ሳጎነብስ፣ ቀለበቶቹ ከተማ መሰሉኝ፣
ከላይ፣ ከብዙ ከፍታ፣ መስኮቶቻቸው ሁሉ የሚያዩኝ።
የትኛዋ ክር «ውረድ» እንደምትል፣ የትኛዋ «ቁም»፣ አላውቅም ነበር፤
እጄ የሚያውቀውን እኔ አላውቅም፤ ከየት መጣሁ? አልኩ፣ ከየትኛው አገር?
ለአንድ ደቂቃ፣ መርቪን፣ የወደቀችው እንግዳ እኔ ነበርኩ።
ከዚያ ደወሉ ጮኸ፤ ኮቴን ለብሼ አውቶቡስ ያዝኩ።

ሌላ መጽሐፍ ስትጽፍ መርከቧን ጣላት፣ አልከለክልህም፤
ነገር ግን በሯን ክፈት፤ ውስጧ ብርሃን ብቻ ከሆነ አላምንህም።
ጠረጴዛ አስገባ፣ መብራት፣ የተበላ ጥፍር፣
ዓይኗ የፈዘዘ አንዲት አክስት፣ ክር ስትፈታ የምትማረር።
አለዚያ እነሱስ ከማን አገኙት? በማን በረሃ ላይ ወደቀ?
ሰማይ በሰማይ ላይ ብትደራርብ፣ አንድ ቦታ ጣት አለ የደቀቀ።

ዝናብ እንዳይነካው መጽሐፍህን በላስቲክ አጥሩ ላይ ሰቅያለሁ፤
ገጽ ሰማንያ ላይ አንድ ፊደል ጎድሏል፤ በእርሳስ ሞልቼዋለሁ።

— ዴሊማ ቲቦዶ፣ ማሳቹሴትስ፣ ከአጥሩ ወዲህ