ስፒል

ልኩን የወሰድኩት ሱቄን ከውስጥ ቆልፌ፣ በሻማ ጭላንጭል፣
ጉም ከጦሳ ወርዶ ፒያሳን ሲያካልል፤
"ጠበቅ አርጊው" አለኝ፣ "ወገብ ወገብ ይምሰል።"
አርጊው! በሴት አንቀጽ። እኔን፣ ጢም ያለኝን፣
የሁለት ልጅ አጎት፣ ዕድርተኛውን፣
ሙሄ ልብስ ሰፊውን።

ሆጤ ሜዳ ላይ ነው መጀመሪያ የሰማኋት፣
"አንቺ" የምትል ቃል፣ ከድንጋይ ጋር ሲወረውሯት፤
ግንባሬ ላይ አለች።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ እርምጃዬን አረምኩ፣
ድምፄን አወፈርኩ፣ እጄን ኪሴ ከተትኩ፣
ሲስቁ አብሬ ሳቅኩ፣ ሲሳደቡ ተሳደብኩ።
እሱ ግን ያችን ቃል ከመሬት አንስቶ
ጉትቻ አደረጋት፣ ጆሮው ላይ ሰክቶ።

ሰፋሁለት። ቀን ዩኒፎርም፣ ካኪ፣ ማልያ፤ ሌት ደግሞ የሱን፣
ከሰኞ ገበያ ያስቆረጥኩትን አረንጓዴ ሳቲን፤
ጡቱን በሙሽራ ሱሪ ቁርጥራጭ ሞላሁት፣
ጠርዙ ላይ አንድ ስፒል ሳላወጣ ተውኩት፤
ረስቼ ይሁን ሆን ብዬ ይሁን፣
እግዜርም አላህም ይወቁት እሱን።

ቧንቧ ውሃ፣ ቅዳሜ። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ፣
ከስልኩ የሚወጣው ዘፈን በትራስ ታፍኖ።
ዘጠኝ ነን፤ "ዜጋ" ብለን የምንጠራራ፣
አገር ሙሉ ቢኖር ከዚች ክፍል በቀር የሌለን ስፍራ።
ሉባባ ገባች። አራጋው የታለ?
ከሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ ሲጮህ የዋለ?
ሳቲኑ ሲሾር፣ ክንዷን ስትዘረጋ፣
የአማቷን ቁጣ፣ የባለሱቋን ዋጋ፣
ሁሉንም አመጣች፣ ጎናችንን ሳቅ እስኪወጋ።
ቀጥላ ድንች ቸርቻሪዋን፣ እያነከሰች፣
ጉልበቷን ይዛ "ወይ አበሳዬ" እያለች።
ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።
አላወቀችም። ያቺ ሴት እናቴ ነች።

ጦይባም አልሳቀችም። ጥግ ይዛ ተቀምጣ፣
ደረቷን በሻሽ ጠፍራ፣ በወንድሟ ጃኬት መጥታ፣
"ለሷ ጨዋታ ነው" አለችኝ በጆሮዬ፣ "ሲነጋ ታወልቀዋለች፤
እኔ ላይ ግን ተሰፍቶ ነው ያደግሁት። ሙሄ፣ መተርተሪያ አለህ?"
ምን ልበላት?
አፈርኩባት ልበል? ለምን አላነሳሁም ታዲያ ከሷ ላይ ዓይኔን?
ቀናሁባት ልበል? ለምን ተመኘሁ ቶሎ ማለቁን?

ከዚያ ዘፈኑን አጠፋች።
ነጠላዋን አዘቅዝቃ ታጠቀች።
ለሽበሺ ነበር፣ ባለፈው ጥቅምት
ወንድሞቹ ሐይቅ ወስደው በሌሊት የቀበሩት፣
ድንኳን ያልተጣለለት፣ አልቃሽ ያልተጠራለት፣
ስሙ እንዳይነሳ ብለው ቤት የማሉበት።
ደረቷን መታች፣ ያን የጨርቅ ደረት፣ ጎረቤት እንዳይሰማ
በቀስታ፤ ድምፅ አውጥታም ገጠመች፣ በጨለማ፦

"ቀባሪ አሳጥተው የቀበሩህ ለት
አፈሩ አለቀሰ አልቃሽ ስላጣ ቤት፤
ወንዶቹ ዝም አሉ፣ ሴቶቹ ዝም አሉ፣
ወንድም ሴትም ሆኜ ላልቅስ ስለ ሁሉ።"

ጦይባ አነባች፣ የጃኬቷን ኮሌታ ነክሳ።
እኔ ስፌቱን ነበር የማየው፤ ብብቷ ስር ተተርትሯል፤
ሁለት ጣት ሰፋ ባደርገው ኖሮ፣ እጇን እንደልቧ ታነሳ ነበር።
ስለ እናቴስ? ይቅር አልኳት?
አላልኳትም። እስካሁን።

ሰኞ ጠዋት፣ መናኸሪያ። "ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! የሞላ!"
ድምፁ እንደ አሸዋ ሻካራ፣ አፉ ጥርስ መፋቂያ እያብላላ።
ተሳፈርኩ። አላየኝም፣ አላየሁትም፤ ደንባችን ነው።
"ጠጋ በል፣ አጎቴ" አለኝ።
በል። በወንድ አንቀጽ።
ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ከፋኝ።
መልሴን ሲሰጠኝ፣ ከታጠፈው ብር መሃል
አንዲት ስፒል። ጫፏ ላይ ደም ደርቋል፣
ወይ ዝገት ነው።
የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን እስክንጨርስ በመዳፌ ይዣት
ኮሌታዬ ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ሰካኋት።